የጥቁር ውሃ ተክል በቤት አኳሪየም፦ ቅጠሉ ለምን ይቀልጣል?

መጀመሪያ የገዛኋት ክሪፕቶኮሪን የምትባል የውሃ ተክል በአራተኛው ቀን ቀለጠች። ለማጋነን ብዬ አይደለም "ቀለጠች" ያልኩት። ማታ ቅጠሏ ደህና ነበር። ጠዋት በጣቴ ስነካው እንደበሰለ ጎመን ተበጣጠሰ። በጣም ነበር የገረመኝ፤ ምክንያቱም ውሃውን በደንብ አዘጋጅቼ ነበር፣ ወይም ያዘጋጀሁ መስሎኝ ነበር። ደረቅ ቅጠል ዘፍዝፌ ቡናማ አድርጌዋለሁ። መልኩ ፎቶ ላይ ካየሁት፣ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ካለችው የቦርኒዮ ደሴት ወንዝ ጋር አንድ ነው። ታዲያ ምን ቀረኝ?

ምንም አልቀረኝም። የበዛ ነገር ነበር። ይህን ለመረዳት አንድ ዓመት ገደማ ፈጅቶብኛል፤ እናንተ በዚያ መንገድ እንዳታልፉ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

"ጥቁር ውሃ" ከሚለው ስም እንጀምር። የእኛው ጥቁር ዓባይ ስሙ ጥቁር ቢሆንም በዚህ ትርጉም ጥቁር ውሃ አይደለም። በክረምት ድፍርስ የሚለው ከደጋው ጠርጎ በሚያመጣው አፈር ነው። በብርጭቆ ቀድታችሁ ብታሳድሩት ደለሉ ሥር ይዘቅጣል፣ ላዩም እየጠራ ይሄዳል። የጥቁር ወንዝ ውሃ ግን በብርጭቆ ሲታይ ቀጭን ሻይ ነው። ጋዜጣ ከብርጭቆው ጀርባ ብታስቀምጡ ማንበብ ትችላላችሁ። ለሳምንት ቢቀመጥም ቀለሙ አይዘቅጥም፤ የሚዘቅጥ አፈር የለበትምና። ቀለሙ የመጣው ከወደቀ ቅጠልና ከእንጨት ከሟሙ ነገሮች ነው። ታኒን፣ ሁሚክ አሲድ፣ ፉልቪክ አሲድ ይባላሉ። ሻይ ቅጠል ሙቅ ውሃ ላይ በደቂቃ የሚሠራውን ጫካው በቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብሎ ይሠራዋል።

ከሁሉም ትልቁ የጥቁር ውሃ ወንዝ የብራዚሉ ሪዮ ኔግሮ ነው። ማናውስ ከተማ አጠገብ ደለል ከተሸከመው ሶሊሞይስ ወንዝ ጋር ይገናኛል። ሁለቱ ለጥቂት ኪሎሜትሮች ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ካርቱም ላይ ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ ሲገናኙ የሚታየው ዓይነት ነገር ነው።

እኔን የሚያስጨንቁኝ ተክሎች ግን የቦርኒዮ ናቸው፤ በተለይ በማሌዥያዋ ሳራዋክ ግዛት ያሉት። እዚያ ፒት የሚባል አፈር የሞላው ረግረጋማ ጫካ አለ። አፈር ልበለው እንጂ አፈር አይደለም። ቅጠልና ግንድ ውሃ ውስጥ ወድቆ፣ አየር አጥቶ፣ በደንብ ሳይበሰብስ በሺህ ዓመታት የተከመረ ነገር ነው። አንዳንድ ቦታ ጥልቀቱ ከ10 ሜትር ያልፋል። በዚያ ላይ ዝናብ ይዘንባል። ውሃው በቅሪቱ ውስጥ ያልፋል እንጂ ድንጋይ አይነካም፣ የኖራ ዓለት አያጥብም፣ ሸክላ አፈር አያገኝም። ስለዚህ ከዝናብ ውሃ የሚለየው በቀለሙና በጎምዛዛነቱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ካልሲየም የለውም፣ ማግኒዥየም የለውም፣ የሚሟሟ ጨው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ጥቁር ውሃ የጎደለ ውሃ ነው። ቀለሙ ምልክት ነው። ተክሏ የለመደችው ቀለሙን ሳይሆን ጉድለቱን ነው። እኔ ደግሞ ያደረግሁት ኖራ የሞላበትን የቧንቧ ውሃ ሻይ አስመስዬ ማቅረብ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ኬሚስትሪ ያስፈልጋል፤ ታገሱኝ። ፒኤች የውሃን ጎምዛዛነት የሚለካ ቁጥር ነው። 7 መሃል ነው፣ ከዚያ በታች ጎምዛዛ ነው። አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር ጎምዛዛነቱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ፒኤች 7 ካለው ውሃ ፒኤች 4 ያለው የፒት ውሃ አንድ ሺህ እጥፍ ይጎመዝዛል። በቧንቧችን ውሃ ውስጥ ደግሞ ባይካርቦኔት የሚባል ነገር አለ። አሲድ ሲመጣ ይይዘዋል፣ ያከሽፈዋል። የዚህ ነገር ልክ በአኳሪየም ሰዎች ዘንድ ኬኤች ይባላል። ኬኤች ከፍ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ከረጢት ቅጠል ብትዘፈዝፉ ውሃው ይጠቁራል፣ ፒኤቹ ግን ንቅንቅ አይልም። የእኔ ገንዳ 7.6 ላይ ቆሞ ነበር፤ እያማረበት።

ይህ ለተክሏ ምኗ ነው? አንደኛው መልስ ስለ ምግብ ነው፤ እኔን በጣም ያስደነቀኝም እሱ ነው። ተክል ሰውነቱን የሚሠራው ከካርቦን ነው። ጎምዛዛ ውሃ ውስጥ ካርቦኑ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ፣ ለመግባት ዝግጁ ሆኖ ይገኛል። የሚበሰብሰው ቅጠልም ያለማቋረጥ ይለቅላታል። ፒኤች 8 አካባቢ ግን አብዛኛው ካርቦን ወደ ባይካርቦኔት ተቀይሯል። እንደ ቫሊስኔሪያ ያሉ ጠንካራ ተክሎች ባይካርቦኔቱን ሰብረው መጠቀም ይችላሉ። አብዛኞቹ የጎምዛዛ ውሃ ተክሎች ግን ይህን ሙያ አያውቁትም። በኖሩበት አገር አስፈልጓቸው አያውቅም። ስለዚህ ማዕድን በሞላበት ውሃ መሃል ተቀምጠው ይራባሉ።

ሁለተኛው ብረት ነው። ብረት በጎምዛዛ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ሁሚክ አሲዱም አቅፎ ያቆይላታል። ፒኤች ከፍ ሲል ግን ዝጎ ይዘቅጣል። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው።

ስለ ተክሎቹም ልበል። ክሪፕቶኮሪን ብዙ ዝርያ ያለው ወገን ነው፤ ሁሉም አስቸጋሪ አይደለም። የስሪላንካዋ ዌንድቲ በማንኛውም ቤት ትበቅላለች፤ የመጀመሪያ ሙከራችሁ ከሆነ በእሷ ጀምሩ። ፓሊዲነርቪያና ሎንጊካውዳ ግን የፒት ጫካ ልጆች ናቸው፣ ያስለቅሳሉ። ቤተሰባቸው የጎደሬ ቤተሰብ ነው። ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የመጣችሁ ጎደሬን ታውቁታላችሁ። ከመሬት በታች ወፍራም ሥር፣ ከላይ በረጅም እንጨት ላይ የተዘረጋ ቅጠል። ክሪፕቶኮሪንን ሳይ ሁልጊዜ ትንሽ ጎደሬ ውሃ ውስጥ የቆመች ይመስለኛል። ዝምድናው ይጠቅማልም፤ ጎደሬ ቅጠሉ ቢቆረጥ ሥሩ እንደማይሞት ሁሉ እሷም እንደዚያው ናት። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ያላችሁን ውሃ እወቁ። ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውሃችሁ ኖራ አለበት። ሳሙና አረፋ አልሠራ የሚል ከሆነም እንደዚያው። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣውና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ አንድ ዓይነት አይደለም። የጉድጓዱ ማዕድን ይበዛበታል። ስለዚህ "ጓደኛዬ ጋ በቅሏል" የሚለው ነገር ሰፈር ከተቀየረ ላይሠራ ይችላል። ዋሽንግተን ዲሲና ሌሎች ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ያላችሁ ደግሞ ውሃው የሚታከመው በክሎራሚን መሆኑን አስቡ። ክሎሪን በባልዲ ሲያድር ይበናል፤ ክሎራሚን ግን እንደዚያ በቀላሉ አይለቅም። ማክሸፊያ ጠብታ ወይም የከሰል ማጣሪያ ያስፈልገዋል።

ከዚያ ውሃውን ማጉደል ነው። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያ ነው። ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ አሳልፎ ማዕድኑን ያስቀራል። ጥቂት ሊትር ንጹህ ለማግኘት ከዚያ የበለጠ ውሃ ይፈስሳል፤ የሚፈስሰውን በባልዲ ይዛችሁ ወለል እጠቡበት። ሌላው ዝናብ ነው። ክረምት ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች አቧራውን አጥበው ይለፉ፣ ከዚያ ንጹህ ላስቲክ ወጥራችሁ አጠራቅሙ። ከአዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን አልመክርም። ለስላሳ ውሃ፣ ማዕድን የጎደለው ማለቴ ነው፣ ከቆርቆሮው ላይ ዚንክ ያሟሟል፤ ዚንክ ደግሞ ለዓሣም ለተክልም መርዝ ነው።

በውሃ ውስጥ የሟሟ ነገርን የሚለካ፣ እስክሪብቶ የሚያህል መለኪያ አለ። ዋጋው ብዙ አይደለም፤ ለዚህ ሥራ ከሁሉ በፊት የምገዛው እሱን ነው። የቧንቧ ውሃ በሊትር ከ100 እስከ 300 ሚሊግራም ቢያሳይ አያስደንቅም። ለእነዚህ ተክሎች የምፈልገው ከ20 እስከ 50 ነው። ፍጹም ዜሮም ጥሩ አይደለም። ካልሲየም ጭራሽ ካጣ አዲሱ ቅጠል ተጣሞና ተኮማትሮ ይወጣል። ትንሽ የቧንቧ ውሃ ጠብ ማድረግ ይበቃል።

የፒኤች ቁጥሩን ግን አታሳድዱ። ይህን አጥብቄ እላለሁ። ሱቅ ውስጥ "ፒኤች ያወርዳል" ተብሎ የሚሸጥ ጠርሙስ አለ። ኬኤች ባለበት ውሃ ላይ ስትጨምሩት ቁጥሩ ይወርዳል፣ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይወጣል። እንደገና ትጨምራላችሁ፣ እንደገና ይወጣል። ተክሏ የምትሞተው ከቁጥሩ ይልቅ በዚህ ውጣ ውረድ ነው። ማዕድኑን ካጎደላችሁት፣ ቅጠሉና ፒቱ ፒኤቹን በራሳቸው ቀስ ብለው ያወርዱታል።

ገንዳው ውስጥ የምታስገቡትን ድንጋይና አሸዋም ፈትሹ። ሎሚ ጨምቁበት፣ ወይም ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለው፤ ውሃችሁን ቀን ከሌት ማዕድን እየሞላ መልሶ ያጠነክረዋል። ዛጎልና እብነ በረድ ከዚህ ገንዳ ውጭ ይቀመጡ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር። እነዚህን ተክሎች መጀመሪያ ውሃ ውስጥ አትትከሏቸው። በአገራቸው ዓመቱን ሙሉ ሰምጠው አይኖሩም። ውሃው ሲሞላ ይጠልቃሉ፣ ሲጎድል ቅጠላቸው አየር ላይ፣ ሥራቸው ጭቃ ውስጥ ሆኖ ይቆያሉ። አየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ ልብ ነው። ስለዚህ የደከመች ተክል ጉልበት የምታጠራቅመው እዚያ ነው።

አደራረጉ ቀላል ነው። ክዳን ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሣጥን። ውስጡ ትንንሽ የችግኝ ማሰሮ። ሥሩ ላይ ሦስት ወይም አራት ሴንቲሜትር ለስላሳ ውሃ። ክዳኑ ሲዘጋ ውስጡ ላብ ያወርዳል፤ የምንፈልገውም እሱን ነው። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ይበቃል። ፀሐይ በቀጥታ አያግኘው፤ እነዚህ የጥላ ተክሎች ናቸው።

የማሰሮው አፈር ነው ወሳኙ። አውሮፓ ውስጥ እነዚህን ዝርያዎች ለዓመታት ያሳደጉ ሰዎች የቢች ዛፍ ቅጠል ብስባሽ ይጠቀማሉ። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ ቢች እዚህም አለ። አንድ ወዳጄ ግቢው ዳር ትልቅ ቢች አለው፤ በኅዳር መጨረሻ አስፈቅጄ ሄድኩ። ላይ ያለውን ደረቅ ቅጠል በእጄ ገለጥኩት። ከሥሩ ያለው ቅጠል ቅርጹን አልለቀቀም፣ ግን እንደ ረጠበ ወረቀት ለስልሷል። መሃል ለመሃሉ ነጭ የሻጋታ ክር ተዘርግቶበታል። ሽታው ዝናብ ያባራበት ጫካ ነው። ከዚያ በታች ደግሞ ጥቁሩ አፈር ይጀምራል። የሚፈለገው መሃለኛው ነው፤ ደረቁም አይደለም፣ አፈሩም አይደለም። አንድ የገበያ ፌስታል ሞላሁ። ለስድስት ማሰሮ በቅቶኛል። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ቅጠል እንኳ ማንሳት የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ከግል ግቢ ብቻ፣ ያውም አስፈቅዳችሁ።

ቅጠል ብስባሽ ካላገኛችሁ ማዳበሪያ ያልተቀላቀለበት ፒት ሞስ ከታጠበ ነጭ አሸዋ ጋር ይሠራል። አኳሶይል የሚባለው፣ ከተጠበሰ ሸክላ አፈር የሚሠራው ጠጠርም ጥሩ ነው። ኬኤቹን ራሱ ይስባል። ጠንካራ ውሃ ካጠጣችሁት ግን አቅሙ ቶሎ ያልቃል።

ሁለተኛዋን ፓሊዲነርቪያ እዚህ ሣጥን ውስጥ ተከልኳት። እሷም ቀለጠች። የመጀመሪያዋን ከነሥሯ ጥያት ነበር፤ ያ ስህተት እንደነበር እስካሁን ይቆጨኛል። በዚህኛው ጊዜ አውጥቼ ልጥላት ስስባት ሥሯ ያዘኝ። እምቢ አለ። የሞተ ሥር እንደዚህ አይዝም። ተውኳት። በሰባተኛው ሳምንት ከብስባሹ መሃል መርፌ የመሰለ ቡናማ ነገር ብቅ አለ። እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ቀስ እያለ ተፈታ። ርዝመቱ ጥፍሬን አያህልም ነበር። ያን ቀን ቤት የነበረውን ሰው ሁሉ ጠርቼ አሳይቻለሁ።

ቅጠል የምትጥለው የነበረችበት ሁኔታ በድንገት ሲቀየርባት ነው። ውሃው፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱ፣ ወይም ከአየር ወደ ውሃ መግባቷ። አሮጌው ቅጠል ለአሮጌው ቦታ የተሠራ ነው፤ ትበትነውና ለአዲሱ ቦታ አዲስ ትሠራለች። ስለዚህ ስትቀልጥ አትደንግጡ፣ አትንቀሏት፣ ማዳበሪያ አትጨምሩባት። የበሰበሰውን ቅጠል ብቻ ቆርጣችሁ አውጡ።

ሣጥኑ ውስጥ ከተስማማት ታብባለች። ስሟ ከግሪክ "የተደበቀ ዱላ" ማለት ነው፤ ዱላው በአበባዋ ቱቦ ሥር ተደብቆ ያለው፣ ትንንሾቹን ወንዴና ሴቴ አበቦች የያዘው ዘንግ ነው። ትንንሽ ዝንቦች በጠረኗ ተስበው በቱቦው ይወርዳሉ። ታች ያለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ትቆልፋቸዋለች፤ የአበባ ዱቄቱን ተቀብተው በኋላ ይለቀቃሉ። ሎንጊካውዳ ከአበባዋ ጫፍ ላይ ረጅም ጭራ ታወጣለች፤ ስሟም "ረጅም ጭራ" ማለት ነው።

ሥር ይዛ አምስት ስድስት ቅጠል ካወጣች በኋላ ወደ ገንዳው ማዛወር ይቻላል። ከነማሰሮዋ አስገቧት፣ ሥሯን አትነካኩ። በየጥቂት ቀኑ ውሃውን በትንሹ ከፍ እያደረጋችሁ አስጥሟት። ብርሃኑ በቀን ለስድስት ወይም ለስምንት ሰዓት ያህል፣ ያውም ደብዘዝ ያለ ይሁን። ቡናማው ውሃ ራሱ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል፤ ይህ አልጌን ስለሚቀንስ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

ዓሣ ለማስገባት አትቸኩሉ። እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ፣ እባካችሁ ልብ በሉት። በጎምዛዛ ውሃ ውስጥ የዓሣን ኩስ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች ሥራቸው ይዳከማል። ቆሻሻው አሞኒየም ሆኖ ይቆያል። አሞኒየም በዚያ ፒኤች ያን ያህል አይጎዳም፤ ተክሎቹም ይመገቡታል። ግን አንድ ቀን ለስላሳ ውሃ አልቆባችሁ የቧንቧ ውሃ ብትሞሉበት ፒኤቹ ዘልሎ ይወጣል፣ አሞኒየሙም ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አሞኒያ ዓሣ ይገድላል፣ በሰዓታት ውስጥ። ስለዚህ የተጠራቀመ ለስላሳ ውሃ ሁልጊዜ በጀሪካን ይኑራችሁ፤ ስትቀይሩም በትንሽ በትንሹ ቀይሩ። እኔ በሳምንት ከአሥር አንድ እጁን ነው የምቀይረው። ዓሣ ሲገባ ጥቂት ትንንሾች ይበቃሉ። ከፒት ውሃ የሚመጣው ቸኮሌት ጉራሚ ከተክሎቹ ጋር አገሩ አንድ ነው።

ስትገዙ ሻጩን ከየት እንዳመጣት ጠይቁት። ከጫካ ተነቅላ የመጣች ከሆነ ተዉት። የቦርኒዮ ፒት ጫካ በየዓመቱ እየሳሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የኢንዶኔዥያ መንግሥት እዚያው ቦርኒዮ ላይ ባለው ማዕከላዊ ካሊማንታን አንድ ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ፒት ወደ ሩዝ እርሻ ለመቀየር ቦይ አስቆፈረ። ሩዙ አልሆነም። የደረቀው ፒት ግን በ1997 እሳት ያዘው፣ በ2015ም እንደገና ነደደ። ለዘይት ዘንባባ የተመነጠረውም ብዙ ነው። ከአንድ ጅረት ውጭ የማይታወቁ የክሪፕቶኮሪን ዝርያዎች አሉ። ያ ጅረት ከደረቀ የሚቀሩት በሰዎች ማሰሮ ውስጥ ያሉት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ከተባዛች ተክል የተቆረጠ ቅጥያ ግዙ፣ ወይም ከሚያሳድግ ሰው ለምኑ። አብዛኞቹ አሳዳጊዎች ለሚጠነቀቅ ሰው አይነፍጉም። እኔም ሁለተኛዋን ያገኘሁት እንደዚያ ነው።

ያቺ ፓሊዲነርቪያ አሁን ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል። ዘጠኝ ቅጠል አላት። ባለፈው ወር ከማሰሮዋ ጠርዝ ነጭ ሥር ተዘርግቶ ወጥቶ ጫፉ ላይ ሁለት ቅጠል ያላት ልጅ ወለደች። ሦስተኛውን ቅጠል እየጠበቅሁ ነው፤ ሲያወጣ ቆርጬ ቢቹን ለፈቀደልኝ ወዳጄ እሰጠዋለሁ። ሣጥንና ክዳን ገዝቶ ተዘጋጅቷል።